ቁም የተጻፈባቸው ሰባት ካሴቶች

ባለፈው ሳምንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ለሥልጠና አንድ አዳራሽ ሰብስበውን ነበር። አሠልጣኟ ልጄ ልትሆን የምትችል ረጋ ያለች ወጣት ናት። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪዎችን እንዴት እንደሚደግፍ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ እያበራች ስታስረዳን ቆየችና አንድ አንድ ወረቀት አደለችን። «ተመራማሪን ለመደገፍ ቤተ መጻሕፍትዎ ሊያደርግ የሚገባውን አንድ ነገር ይጻፉ» ይላል። ግራና ቀኜ የተቀመጡት ኢንተርኔት፣ ኮምፒውተር፣ የውጭ መጽሔት እያሉ ይጽፋሉ። እኔ ብዕሩን እንደያዝሁ ቀረሁ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረኝ፣ በዚህ ሥራ ፀጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝ። ግን ተመራማሪ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ፊቴ የሚደቀነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አየነው።

አየነው የእስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር የተወለደ። እኔ ደግሞ የስማዳ፣ የወገዳ። የተገናኘነው ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱ ለሁለተኛ ዲግሪ ይማራል፤ እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠርሁ ዓመት አልሞላኝም። ድምፅና ምስል ክፍል የሚባል ቦታ ሰጥተውኛል። ክፍል ይባል እንጂ አንድ ቴፕ፣ አንድ ካርቶን ባዶ ካሴትና አንድ ወንበር ያለበት ጓዳ ነበር። ቢሆንም ክራቫት አስሬ ነበር የምቀመጥ። ሞባይል አገራችን ያልደረሰበት፣ ካሴት ገና የተከበረበት ጊዜ ነው።

አየነው በልጅነቱ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ ድጓ ተምሯል። እኩል ላይ ጥሎ ወደ አስኳላ ገባ። ጥሎ መሄዱ ግን አልለቀቀውም፤ የጥናቱን ርእስ ያደረገው እኒያኑ የተዋቸውን መምህር ነበር። ሁሉም የኔታ ነበር የሚላቸው፤ እኔም በዚሁ ልጥራቸው። የዜማው ምልክት ብራና ላይ አለ፤ ያወቀ ያነበዋል። ድምፁ ግን ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄድ። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት፣ ከሌላው ለየት የሚል የዜማ አጣጣል ነበራቸው። አብረዋቸው የተማሩት አልፈዋል፤ እሱን እስከ ጫፍ የዘለቀ ተማሪም አልወጣላቸውም።

«ደረታቸውን ታመዋል» አለኝ አየነው አንድ ቀን፣ ጓዳዬ በር ላይ ቆሞ። «እኔ እንደሆን ጥያቸው የሄድሁ ነኝ። ድምፃቸው ሳይጠፋ ካልደረስሁ ከእሳቸው ጋር አብሮ መቀበሩ ነው። ዲግሪው ይቅርና ለራሴም መልስ የለኝ።»

ቴፑን ልስጠው ብል ደንቡ አይፈቅድም። ንብረት ያለ ሠራተኛ ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ንብረቱን ተከትዬ እኔም ሄድሁ። እስከ ዛሬ ለተመራማሪ ያደረግሁት ትልቁ እርዳታ ይኸው ነው ብል አልዋሽም፤ የመጨረሻውም እሱ በሆነ።

ኅዳር ነበር። ጋይንት ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ተያያዝነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ በየአውድማው በሬ ይሽከረከራል፤ ነፋሱ እብቁን እያነሳ ዓይናችን ውስጥ ይጨምረዋል። በዚያ መንገድ የከተማ ጫማ አድርጌ መውጣቴን ሳስበው አሁንም በራሴ እስቃለሁ። እግሬ ተልጦ ማረፍ ስናበዛ አየነው ከስልቻው በሶ አውጥቶ በጣሳ በጠበጠልኝ። በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ፣ ጨው የበዛበት በሶ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ብዙ አላስታውስም።

የኔታ በጎጇቸው መደብ ላይ፣ አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀጭን፣ ጋቢ ውስጥ የጠፉ ሰው ናቸው። አየነው ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ፤ ስለ ጥሎ መሄዱ አንድም አላነሱም። ከዚያ ቴፑን ተመለከቱት።

«ይህ ነገር የሰማውን አይረሳም?» አሉ።

«አይረሳም፣ የኔታ።»

«ከናንተ ይሻላል እንግዲያ።»

ሁለት ቀን ቀዳን። አንዱን ክፍል ዘልቀው ሲጨርሱ ቀና ይሉና «ገባ?» ይላሉ። ለተማሪዎቻቸው እንደሚሉት ነው፤ ጆሮህ ተቀበለው ወይ፣ ተማርኸው ወይ ለማለት። አሁን ደግሞ ካሴቱ ውስጥ ገባ ወይ ማለታቸውም ነው። አየነው «ገብቷል፣ የኔታ» ይላል፤ ይቀጥላሉ። ሳሉ ሲበረታባቸው ግን ቴፑን ያቆመዋል። የተበላሸውን ካሴት ወደ እኔ እያቀበለ «ይኼ የቆመው ነው፤ ለይተህ አስቀምጠው፤ ሌላ ይቀዳበታል» ይለኛል። በሁለቱ ቀን አራት የቆሙ ካሴቶች ዘንቢሌ ውስጥ ተጠራቀሙ። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ስንሰናበት የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጅ፣ የማን ነህ? ሥራህስ?»

«የወገዳ ልጅ ነኝ፣ የኔታ። ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራ። መጽሐፍ እጠብቃለሁ።»

«ዕቃ ቤት ነህ በለኛ።»

በየደብሩ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ተረክቦ የሚጠብቀውን ሰው ዕቃ ቤት ይሉታል። መስቀል ቢጠፋ፣ መጽሐፍ ቢጎድል፣ የሚጠየቀው እሱ ነው። የኔታ እጄን ያዙ፤ እጃቸው ያተኩስ ነበር።

«ይህ ልጅ አንድ ጊዜ ጥሎኝ ሄዷል፤ አሁንም መሄዱ አይቀርም። ዕቃ ቤት ግን የትም አይሄድም። አደራው ባንተ ነው።»

«እሺ፣ የኔታ» አልሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ግን የዚያን ለት የማስበው እግሬን ነበር።

ከወር በኋላ አየነው የቀረውን ሊቀዳ ሲነሳ እኔ አልሄድሁም። በራሴ ፊርማ ቴፑን፣ የቆሙትን አራቱን ጨምሮ ካሴትና የባትሪ ድንጋይ ሰጥቼ ላክሁት። ደንብ ማፍረሴ ነው፤ በዚህ እንኳ አልጸጸትም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ፊቱ ጠቁሮና ከስቶ፣ ከፊተኛው ጋር አሥራ አንድ ካሴት በካርቶን ይዞልኝ መጣ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። አሁንስ ይሙቱም አልል እንጂ፣ ቢሞቱም ድምፃቸው አለ» አለኝ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንመዘግባለን ተባብለን ተለያየን። በማግስቱ ከመካነ ኢየሱስ ዘመድ መጣበት፤ እናቱ በጠና ታማለች። ሄደ፤ ሳይመለስም ሞተች። አርባዋን እስኪያወጣ እዚያው ቀረ።

ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ልመዘግበው መዝገቡን ብገልጥ ደራሲ ይላል፣ አሳታሚ ይላል፣ የገጽ ብዛት ይላል። ለካሴት የሚሆን ቦታ የለውም። እሱ ሲመጣ ብዬ ዘጋሁት።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝኛ መምህራን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የማዳመጥ ትምህርት ሊቀዱ ካሴት ጠየቁ። ባዶው አልቋል። አለቃዬ «የተረፈ ነገር ካለ ፈልገህ ስጣቸው» አሉኝ። የአየነውን ካርቶን ከፈትሁ። አራቱ ላይ «ጾመ ድጓ» ተጽፏል። ይህንን አውቀዋለሁ፤ በጥንቃቄ ለየኋቸው። ሰባቱ ላይ «ቁም ፩»፣ «ቁም ፪» እያለ እስከ «ቁም ፯» ይሄዳል። የቆሙት ናቸው፣ አልሁ። ይኼ የቆመው ነው፣ ሌላ ይቀዳበታል ሲል በጆሮዬ ሰምቼ የለ? ቁም ማለት ቁም ነው፤ በአማርኛ ሌላ ምን ፍቺ አለው?

ለጥንቃቄ ብዬ አንዷን ቴፕ ውስጥ ከተትኋት። ዝምታ። ከዚያ ሳል። ከዚያ ደግሞ ሳል። አጠፋሁት። አንድ ዕንቁላል ልጦ ለመብላት የሚበቃ ጊዜ ታግሼ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ መጽሐፍ የሚያውሰው ባልደረባዬ ዲያቆን ነበር። «ቁም ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው በአንድ ቃል ይመልስልኝ ነበር። ግን ክራቫቴን ባየ ቁጥር «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እያለ ይቀልድብኝ ነበርና፣ አላዋቂነቴን አሳልፌ አልሰጠውም አልሁ። በዚህች ትንሽ ኩራት ምክንያት ሰባቱን ካሴቶች አስፈርሜ ሰጠሁ። ማስፈረሙንማ አልረሳሁም።

አየነው የተመለሰ ጥቁር ለብሶ፣ ራሱን ተላጭቶ ነው። ጓዳዬ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ስለ እናቱ አጽናናሁት።

«የኔታም አርፈዋል» አለኝ። «እስቴ ሆኜ ነው የሰማሁ። ለቀብራቸውም አልደረስሁ።»

«ነፍስ ይማር።»

«ካሴቶቹ አሉ አይደል?»

«አሉ እንጂ» አልሁና አራቱን አውጥቼ ፊቱ ደረደርሁለት። የቀሩትን እስካወጣ ጠበቀ።

«ሌሎቹስ?»

«የቆሙትን ነው? ለእንግሊዝኛ ክፍል ሰጠኋቸው።»

መጀመሪያ አልገባውም። «የትኞቹ የቆሙት?» አለኝ። በኋላ ገባው። አልጮኸም።

«ቁም እኮ ቁም ዜማ ነው» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብሎ። «ከበሮና ጸናጽል የሌለበት፣ በድምፅ ብቻ የሚባለው። የሳቸው ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ጾመ ድጓውንማ የትም ያለ መምህር ይለዋል።»

ተያይዘን እንግሊዝኛ ክፍል ሄድን። ሰባቱንም ሰብስበን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስናዳምጥ ዋልን። አንዲት የፈረንጅ ሴት ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ትጠይቃለች፤ አንድ ሰው ጃንጥላውን ጥሏል። ደግማ ትጠይቃለች። ስድስቱ ካሴቶች በሁለቱም ፊት እሷው ናት። ሰባተኛው ላይ፣ ሁለተኛው ፊት ሊያልቅ ሲል ትምህርቱ አጥሮ ኖሮ ሴትዮዋ ዝም አለች። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የኔታ መጡ። የአንድ ዜማ መጨረሻ ናት፤ ሦስት ትንፋሽ ብትሆን ነው። ሲጨርሱ «ገባ?» አሉ። ካሴቱ አለቀ። የአየነው መልስ አልተቀዳም።

አየነው ካሴቱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። ውሰደው፣ ያንተ ነው ብዬ ለመንሁት።

«አንተ ያዘው» አለኝ። «ዕቃ ቤቱ አንተ አይደለህ?»

አማካሪ መምህሩ ያለ ማስረጃ ጥናቱን አልቀበልም አሉት። ርእስ ለውጥ ቢሉትም እንቢ ብሎ አቋርጦ አገሩ ገባ፤ እስቴ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ሆነ። እኔ ዓመት ካለፈ በኋላ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሄጄ ሽማግሌ ላክሁበት። አልከበደም፤ ቤቱ አስገብቶ የገብስ ቂጣ በተልባ አበላኝ። «በበኩሌ ይቅር ብየሃለሁ» አለኝ። «ከየኔታ አደራ ግን እኔ ልፈታህ አልችልም፤ አደራውን የሰጡህ እሳቸው ናቸው።» ሚስቱ በር ድረስ ስትሸኘኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ከኋላ እንደሚቆምና ከዚያ ወዲህ አንድ ዜማ ካፉ ወጥቶ እንደማታውቅ ነገረችኝ። አደራ በላ ብሎ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል በወረቀቱ ላይ «ያልገባውን ጽሑፍ ባለቤቱን ሳይጠይቅ አይንካ» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። አሠልጣኟ አነበበችውና ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ይኼማ የታወቀ ነው፤ ሌላ ነገር ቢጽፉልኝ» አለችኝ። ሌላ ስለሌለኝ ኢንተርኔት ብዬ ጨመርሁላት።

ቢሮዬ ስመለስ መሳቢያዬን ከፈትሁ። ቴፕ የሚያውቅ ተማሪ ጠፍቷል፤ እኔ ግን ለዚህች ካሴት ስል አንድ አሮጌ ቴፕ አላጣሁም። ሴትዮዋ ስለ ባቡሯ ጠይቃ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ የኔታ ሦስት ትንፋሻቸውን አዜሙና «ገባ?» አሉኝ።

አልገባም፣ የኔታ፣ አልኋቸው። አልገባም።