ካርዱን የማነበው እኔ ነበርኩ

ስለ አንዲት የጥንት የሆሊውድ ተዋናይት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የለም። የምናገረው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ጉራ አይደለም። የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ፣ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ በምቀበልባት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ከላይብረሪ በተዋስኳቸው መጻሕፍት እንግሊዝኛውንም የፊልሙንም ታሪክ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ስለ እሷ ብቻ ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ።

ጡረታ ስወጣ በሲልቨር ስፕሪንግ የአረጋውያን ማዕከል ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ፊልሞቿን ማሳየት ጀመርኩ። ፊልሞቹ ድምፅ የላቸውም፤ ንግግሩ በጥቁር ካርድ ተጽፎ ይመጣል። ካርዱ ሲመጣ ፊልሙን አቆማለሁ፣ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ፣ በዚያን ጊዜ የት ትኖር እንደነበርም ጨምሬ አስረዳለሁ። የክፍሉ ሰው ሁሉ አፍ አፌን ያያል። ባለቤቴ ከፊት ትቀመጣለች። ያ ሰዓት የእኔ ነበር።

ከዚያ ያ ሰው መጣ። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ያረጀ ተዋናይ ነው፤ ልጁ ናት ከአሌክሳንድሪያ እየነዳች የምታመጣው። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ ሻርፕ ጣል ያደርጋል። ሴቶቹ ወንበር ይለቁለታል። እንግሊዝኛ እንደማያነብ ሳውቅ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ረቡዕ፣ ተዋናይቷ ልጇን ወደ ጦር ሜዳ የምትሸኝበት ቦታ ላይ ፊልሙን ሳቆም እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ሳያቆሙ ይልቀቁት። ይቺ የመድረክ ልጅ ናት፤ የምትጫወተው መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው።»

«ካርዱ ካልተነበበ ምን እንዳለች በምን ይታወቃል?»

«በትከሻዋ።»

እንዲያፍር ብዬ ለቀቅኩት። ካርዶቹ ሳይነበቡ አለፉ። የልጇን ካፖርት ትቆልፋለች፤ የመጨረሻው ቁልፍ ላይ ስትደርስ መልሳ ፈታችውና ከላይ ጀመረች። ምን አለች ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። ያንን ፊልም ስንቴ አሳይቻለሁ፤ ቁልፉን ግን አይቼው አላውቅም።

መኪና ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ።

«አንተ ስታነብ እኮ ፊቷን አይቼው አላውቅም ነበር።»

ሳምንቱን ሙሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ በማይችል ሰው ቀናሁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ባለቤቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን ቀሚስ ስትለብስ አይቼ፣ ዛሬ በሰው ፊት አዋርደዋለሁ አልኩ። ስለ ተዋናይቷ እሱን የምጠይቀውን ሁሉ በደብተሬ አዘጋጀሁ።

የዚያን ዕለት ተራው የተዋናይቷ የመጨረሻ ዘመን ነበር። በአምስት ዓመቷ እናቷ መድረክ ላይ እንዳወጣቻት፣ ከቲያትር ቡድን ጋር በባቡር ከከተማ ከተማ እንደዞረች፣ ፊልምን መጀመሪያ እንደናቀችና በኋላ ግን እንደነገሠችበት አነበብኩ። ከዚያ በሆሊውድ ፊልሙ መናገር ጀመረ። ካርዱ ቀረ። ስቱዲዮው ድምፃቸው የሚያምር ሰዎች አመጣ። እሷ ከዋና ተዋናይነት ወደ እናት ሚና፣ ከእናት ወደ በር ከፋች ሠራተኛ ሚና ወረደች።

እዚህ ላይ ደብተሩን ዘጋሁት። እንደ ገዛ ቤቷ በነበረው ስቱዲዮ ጥግ ቆማ፣ ያ ሁሉ ሰው አዲሱን ድምፅ ሲሰማ እሷ ምን እንደተሰማት ተናገርኩ። መጽሐፍ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። የምጠይቀውንም ረሳሁት።

ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?» አለኝ።

ሁሉም ደብተሩ ላይ አለ አልኩት። ያመነኝ መስሎ ራሱን ነቀነቀ።

አሁን ፊልሙ ሳይቆም ያልቃል፤ እኔ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ። ሰው ሁሉ ይሻላል ይላል። ባለቤቴ ግን አሁንም ሻዩን መጀመሪያ የምትሰጠው ለእሱ ነው። ለምን ስላት እንግዳ ነው ትለኛለች። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው።