የራውሼው ጤና ቆጣሪ

እሑድ እሑድ የማዳሜን ውሻ ይዤ በዚህ በዐረብ አገር ራውሼ ወደሚሉት መናፈሻ ስወርድ ባሕሩ ዳር አንድ ወጣት አገኛለሁ። የሕዝብ ጤና ተማሪ ነው፤ ስታቲስቲክስ ገና እየጀመረ ስለሆነ በእኛ ውሻ በምናናፍሰው የቤት ሠራተኞች ይለማመድብናል። ሸሚዙ መጨማደድ የሚባል አያውቅም፤ የእጅጌው መስመር ዳቦ ይቆርጣል። የሚጠይቀው ውሻዋ ሊሸና የቆመባትን ሴት ብቻ ነው፤ ሌላዋማ በምን ትያዝለታለች?

«ፓርዶን፣ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? በቀን ምን ያህል ትራመጃለሽ?» ይላል፤ ውሻው ሳይጨርስ እሱ ይጨርሳል።

ዛሬ ደምሮ አካፍሎ ሲያበቃ እንደ ሐኪም ደረቱን ነፋ።

«ያኒ፣ በአማካይ ጤነኞች ናችሁ። ሁላችሁም በየቀኑ የባሕር አየር እየሳባችሁ ትራመዳላችሁ።»

አልሐምዱሊላህ! እኔ ይህን ሳላውቅ ወገቤን ያመመኝ መስሎኝ ከረምኩ።

ያን የእጅጌ መስመር ግን አውቀዋለሁ፤ እንዲያ አድርጋ የምትተኩስ የአገሬ ልጅ ናት።

«ኡስታዝ፣ ሸሚዝህን የተኮሰችልህን የቤታችሁን ሠራተኛስ ጠየቅሃት?» አልኩት።

ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን ነከሰ።

«እሷማ ናሙናው ውስጥ አትገባም» አለኝ፤ «እናቴ ከቤት አታስወጣትም።»