ሸክሙ የት ሄደ?

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው። አቃቂ፣ ፋብሪካ ውስጥ አብረን ሞተር እንጠግን ነበር። መቆጣጠሪያው «ጭነት አነሰ» ብሎ ሞተር ባቆመ ቁጥር፣ የማስነሻውን ቁልፍ ከመንካታቸው በፊት «ሸክሙ የት ሄደ?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የጉድጓዱ ውሃ ፓምፕ እንዲሁ ቆመ። አለቃችን «ሞተሩን የሚያቆመውን መከላከያ አጥፉና አስነሱት!» ብሎ ጮኸ። እኔ በጎልማሳነቴ በተማርኩት ንባብ ተኩራርቼ፣ ስክሪኑን አንብቤ ቁልፉን ልጫን ስል አጎቴ እጄን አፈፍ አደረጉት።

«አንተ አንባቢ፣ ጉድጓዱንስ አይተኸዋል?»

ሄደን ስናይ ውሃው ከፓምፑ በታች ወርዷል፤ ሸክሙ እሱ ነበር። በባዶው ባስነሳው ኖሮ ፓምፑ ይቃጠል፣ እኔም እባረር ነበር።

ትናንት ያው ፓምፕ ቆመ። ለቅሶ እንኳን ያልደረሰው ያው አለቃ ጮኸ። ጣቴ ቁልፉ ጋ ደርሶ የሳቸውን እጅ ጠበቅሁ። አልመጣም። ጣቴን አነሳሁና ብቻዬን ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ።