የጥሩምባ ነፊው ብስክሌት

ካዛንቺስ ውስጥ ሃድጉን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ዕድር የለውም። ሰው ሲሞት በጠዋት ጥሩምባውን እየነፋ፣ «እከሌ አርፈዋል! ቀብር በዘጠኝ ሰዓት!» እያለ በየደጃፉ የሚዞረው እሱ ነው። ድሮ በእግሩ ነበር። ሰፈሩ መፍረስ ጀምሮ አባሉ ግማሹ ወደ ቂርቆስ፣ ግማሹ ወደ ጎተራ ሲበተንበት ግን ነገሩ በእግር የሚቻል አልሆነም፤ አንዲት አሮጌ የጣልያን ብስክሌት ገዛ። እንዴት እንደሚወዳት! ሚስቱ ማሚት፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

ይቺው ውድ ብስክሌት ክፉ ቀን ጠብቃ ከዳችው። ሁለቱን ፔዳል መሀል ላይ የሚያገናኘው አክስል ተበላ፤ የኩሽኔታው ኳሶችም ደቀቁ። በረገጣት ቁጥር ቋ! ቋ! ትልና ፔዳሏ እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

ቀኑ ክፉ የሆነው በአቶ መርጋ ምክንያት ነው። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ መርጋ ከሰሞኑ አዲስ ሐሳብ አምጥተዋል። «ዛሬ ሞባይል ያልያዘ ማን አለ? በመልእክት እንላላክ፤ ጥሩምባው ይብቃ» ይላሉ። እሁድ ስብሰባ ላይ ሊወሰን ነው። ሃድጉ ስልክ የለውም። ልጆቹ ሊገዙለት ቢሉ እንኳ እምቢ ብሏል። «የሰው ሞት ኪስ ውስጥ ጢጥ ብሎ ይነገራል? ነውር አይደለም እንዴ!» ባይ ነው። እሁድ ዕለት ታዲያ የተሰበረች ብስክሌት እየገፋ ከች ቢል፣ መርጋ ምን እንደሚሉ ያውቀዋል። ጥሩምባውን ከተቀሙት ደግሞ ለዚህ ሰፈር ምኑ ነው? ምንም!

ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋት ተነሣ። ማሚት ገና ስታየው፣ «ጣላት ይቺን ቆርቆሮ! ሽማግሌ አይደለህ እንዴ?» አለችው። በቃ፣ ደሙ ፈላ። የት እንደሚሄድ ሳይነግራት በሩን በላይዋ ላይ ድርግም አድርጎ ወጣ።

ቡልጋሪያ ያለው የወትሮ ጠጋኙ አጎንብሶ ሲነካካት ቆየና፣ «ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ የለኝም፤ ቄራ ይሞክሩ» አለው። ይኸን ለማለት ነው ያን ሁሉ የነካካት? ሃድጉ እየረገመ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ እስከ ቄራ ገፋት።

ቄራ ውስጥ ኢዘዲን የሚባል ባለሙያ አለ፤ ጎልማሳ፣ እጁ ፈጣን፣ አፉ ቀስ ያለ። ብስክሌቷን ሲያይ ፊቱ በራ።

«የጣልያን ናት አይደል?»

«ታዲያስ! እንደ ቻይናዎቹ እንዳትመስልህ። ይቺ ሌላ ናት!» አለ ሃድጉ ደረቱን ነፍቶ።

ኢዘዲን ገለበጣትና የፔዳሏን ክንዶች አወለቀ። ኩሽኔታውን በሁለቱም በኩል አቅፎ የያዘ፣ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ የብረት ቀለበት አለ። የግራውን ሲፈታ እሺ ብሎ ወጣ። ወደ ሰንሰለቱ በኩል ዞሮ ትልቁን መፍቻ ገጠመና ወደ ግራ ሊጠመዝዝ ሲል፣

«ቁም!» አለ ሃድጉ። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ልፈታው ነዋ ጋሼ።»

«የሰንሰለቱ በኩል ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው! ይኸን ሳታውቅ ነው ጋራዥ የከፈትከው?»

«አውቃለሁ፤ የቻይናዎቹ እንደሱ ናቸው። ማለቴ፣ ይቺ ግን የጣልያን ስለሆነች ምናልባት በሁለቱም በኩል…»

«ብስክሌት ብስክሌት ነው! ጥርሱን ልትበላብኝ ነው? አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ብስክሌት የፈታሁት!»

ሽማግሌ ሲቆጣ ምን ይባላል? ኢዘዲን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ። ንቅንቅ የለም። ነጭ ጋዝ አፈሰሱበት። በመዶሻ መቱት። መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተው ሁለቱም ተንጠለጠሉበት። ጎረቤት ያለው ሥጋ ቆራጭ ሽርጡን እንዳገለደመ መጥቶ ያን ሁሉ ጉልበቱን ጨመረበት። ምን ሲደረግ! ቀለበቱ እንዲያውም እየጠበቀ ሄደ። ቀትር አለፈ። የሃድጉ ቆሽት አረረ። ለቅዱስ ቂርቆስ ጧፍ ተሳለ፤ ወዲያው ደግሞ ብስክሌቷን የሠራውን ጣልያን እስከ ሰባት ትውልዱ ሰደበ።

«ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ወደ ግራ…»

«ወደ ቀኝ አልኩህ!»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ሃድጉ ምላጩን ከነእጀታው ውጦ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ንዴቱ ጉሮሮውን ሲያደርቀው ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ቀለበቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«በየት በኩል ወጣ?»

ኢዘዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «በ… ግራ» አለ።

ሃድጉ ቀለበቱን አነሣ፤ አገላብጦ አየው። የጣልያን ናት፣ የጣልያን ናት እያለ ሲጎርር ኖሮ፣ ጥርሷም የጣልያን መሆኑን እንዴት ረሳው? ያን ሁሉ ሰዓት ሲያጠብቀው ነው የዋለው። ፊቱ ጋለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔስ ምን አልኩህ!» አለ።

ኢዘዲን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሥጋ ቆራጩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

መከራው አላለቀም። ኢዘዲን ሊገጥመው ያወጣው አዲሱ ዕቃ የቻይና ነበርና ቀለበቱ ጠቦ ቀዳዳው ውስጥ ዋለለ። ሃድጉ ራሱን ያዘ። ኢዘዲን ግን የዚህን ጊዜ ፈቃድ አልጠየቀም። የድሮዎቹን ቀለበቶች በጋዝ አጥቦ፣ አዲሱን አክስል ከአዲሶቹ ኳሶች ጋር ግሪስ ለቅልቆ ከተታቸው፤ ሁለቱንም በቀኝ አጠበቀ። ሃድጉ መፍቻውን አቀበለው። ፔዳሏን በእጃቸው ሲያሽከረክሯት ያለ ኮሽታ ዞረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተፈናጠጠ። መስቀል አደባባይን ሲያቋርጥ ነፋሱ ኮቱን ነፋው፤ ቋ የለ፣ መወላገድ የለ! «መርጋ፣ ነገ እንተያያለን!» አለ ጮክ ብሎ። ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ዞረው አዩት። ምን አገባቸው! ዳገቱን እንኳ ሳይወርድ ወጣው።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ፍሬን ያዘ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሰው ጥቁር በጥቁር ሆኖ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። ድንኳኑ ያለው አቶ ኃይለማርያም በር ላይ ነው፤ ግድግዳ የሚጋሩት፣ ትናንት ማታ «ደህና እደር» ተባብለው የተለያዩት ጎረቤቱ።

አቶ መርጋ ከድንኳኑ ብቅ አሉ። «የት ነበርክ አንተ ሰው?»

«ማን ነው?» አለ ሃድጉ። እንዳይነግሩት እየለመናቸው ይመስል ነበር።

«ኃይለማርያም። ጠዋት፣ አንተ ከወጣህ በኋላ፤ ድንገት ነው። ቤትህ መጣን፤ ማሚት የት እንደሄደ አልነገረኝም አለች። ቡልጋሪያ ሰው ብንልክ ወደ ቄራ ሄዷል ተባለ፤ ቄራ ውስጥ የት ብለን እንፈልግህ? ምን እናድርግ? በስልክ ተላላክን።»

«ሰው… መጣ?»

«ከጎተራም መጣ፣ ከቂርቆስም መጣ። የቀረ የለም።» መርጋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከቀብር በኋላ ስም ሲጠራ ያንተ ላይ ዝም ሆነ። ደግመን አስጠራነው። አንተ ቀርተህ አታውቅማ፤ ሁለተኛ መርዶ ሊመጣ ነው ብለን ደነገጥን።»

ሃድጉ የሚቆጣው ሰው ፈለገ። ማሚትን? መርጋን? ኢዘዲንን? ልጁማ ገና በጠዋቱ ወደ ግራ ብሎ ነበር። ቢሰማው ኖሮ ለቀትር ቤቱ ነበር።

«ሁሉም ሰማ በሉኛ» አለ። «ሰው ሲሞት የምናገረው እኔ ነኝ። ለኔስ… ለኔስ ማን ይንገረኝ?»

ማሚት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከድንኳኑ ወጣች። አልተቆጣችውም። የብስክሌቷን መሪ ከእጁ ቀስ ብላ ወሰደችና፣ «ስጠኝ፣ እኔ አስገባታለሁ። አንተ ግባና አልቅስ» አለችው።