እናታችን የተሳለችበት ግድግዳ

እናታችን የሞተችው ታናሽ እኅቴን በወለደች በሳምንቱ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ደሴ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ባለው ቤታችን፣ ብርሃን በደንብ በሚገባበት የፊት ክፍል ተቀምጦ ይሠራ ነበር። ከተዝካሯ በኋላ የዚያን ክፍል ግድግዳ ለስኖ እናታችንን ሳላት፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልትስቅ ስትል።

«ይቺ ልጅ እናቷን ትወቅ ብዬ ነው» አለኝ።

እኅቴም አፏን ከፈታች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ ግድግዳው ዞራ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ትል ነበር።

ጣሊያን ደሴን ከያዘ በኋላ ከአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልሱ ካሚዮኖች በደጃችን ማለፍ ጀመሩ። ለሾፌሮቹ አለቃ ማደሪያ ተፈለገና ቤቱን ልቀቁ ተባልን። አባቴ ጣውላውንም ቀለሙንም ጫነ፤ ግድግዳው ግን ተነቅሎ አይሄድ። ኮምቦልቻ የሚኖር ነጋዴ ወዳጁ «ወላሂ፣ እኔ ቤት እያለኝ ሜዳ ላይ አትወድቁም» ብሎ ከግቢው አንድ ክፍል ሰጠን።

እኅቴ እዚያ አልለምድ አለች። «እማዬ ጋ እንሂድ» እያለች ስታስቸግረን፣ አባቴ በቅሎ ተውሶ ዳገቱን ይዞን ወጣ። በር የከፈተችልን የጣሊያኑ አለቃ ወጥ ሠሪ ነበረች። አባቴ የመጣንበትን ሲነግራት አዘነች።

«አባባ፣ ሰውየው ሳይመጣ ቶሎ አይተው ይውጡ» አለችው።

ክፍሉ ጎማ ተከምሮበታል። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። አባቴ ኖራውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው የሥዕሉም ቀለም አብሮ ረገፈ። እጁን ሰበሰበ።

«እማዬስ?» አለች እኅቴ።

አባቴ አዝሏት ወጣ።

ኮምቦልቻ ተመልሰን ጥቂት እንደቆየን ጣውላ አዘጋጀና እናታችንን እንደገና ሊስል ተነሣ። አገጯ አልመጣልህ ሲለው፣ የእኔ የእሷን ይመስላልና እኔን ፊቱ አስቀመጠኝ። ቆይቶ ሥዕሉንም እኔንም አየና ብሩሹን ጣለው።

«አንቺን ነው የሳልኩት። እሷ ጠፋችኝ» አለ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት አልሳለም። ወዳጁ ሱቅ እየዋለ ኖረና ጣሊያን ሳይወጣ ሞተ። ቤታችንም አልተመለሰልንም።

እኅቴ ሐርቡ ስትዳር ያንን ጣውላ ከልብሷ ጋር ጠቀለለችው።

«እኔ እኮ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሌላ ምን አለኝ?»