በእትዬ ጥሩነሽ ማሳ ላይ የሠራሁት ቤት

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው። ብታውቀኝ ኖሮ አንተንም እዋሽህ ነበር።

የቢቸና ልጅ ነኝ። በመምህርነት ሞጣ ተመድቤ አራት ዓመት በእትዬ ጥሩነሽ ግቢ ተከራይቼ ኖርሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ናቸው። ከቀበሌ የሚመጣላቸውን ወረቀት ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ከከተማው ዳር፣ አዲሱ መንገድ በሚወጣበት በኩል፣ ጤፍ የሚያስዘሩባት አንዲት ማሳ ነበረቻቸው። ከእሷ ሌላ መሬት የላቸውም።

መምህራን ተሰብስበን የቤት ማኅበር ስናቋቁም ቦታ እንዲመርጡ ከተላኩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆንሁ። ከተማው ወዴት እያደገ እንደሆነ ዞረን አየን። አንደኛው ቦታ ድንጋያማ ተዳፋት ነው፤ ውኃም መብራትም አይደርሰውም። ሌላው የእትዬ ማሳ ያለበት ሜዳ ነው። ሜዳውን መረጥሁ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ኃጢአት አልለውም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ወረቀት ይዘው መጡ። "መምህር፣ እስቲ ይችን እይልኝ፤ አስፈርመው ነው የሰጡኝ" አሉ። ማሳቸው በከተማው ክልል ስለገባ፣ በአሥር ቀን ውስጥ የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው ቀርበው ምትክ መሬት እንዲጠይቁ ወይም ቅሬታ እንዲያቀርቡ ይላል። ቅሬታ የቀረበበት ቦታ ለማኅበር እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ታዲያ ምን አልሁ? "የጽዳት ዘመቻ ነው፤ እርስዎን አይመለከትም" አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። ማንም አላስገደደኝም።

"ጽዳትማ፣ ደጄን ሳልጠርግ የዋልሁበት ቀን አለ?" ብለው ሳቁ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትሁት።

ቀኑ አለፈ። ቀያሾች ማሳው ላይ ችካል ተከሉ። እትዬ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እኔን ምስክር ብለው አስከትለው መሬት ቢሮ ሄዱ። ባለሙያው ወረቀቱን ሲቀበሉ የፈረሙበትን የጣት አሻራ አሳያቸው። "መቀበሉንስ ተቀብያለሁ፤ የጽዳት ነው ብሎ ያነበበልኝ መምህር ነው። ይኸው፣ ይጠየቅ" አሉ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። እውነቱን ብናገር ማሳቸው ይተርፍ ነበር፤ የእኔ ቤት ይቀር ነበር።

"እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አላነበብሁም" አልሁ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ስታመም አጥሚት ያጠጡኝን ሴት በሰው ፊት ውሸታም አደረግኋቸው። እትዬ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ለባለሙያው "እንግዲያው እኔው ነኝ የተሳሳትሁት፤ እርጅና ነው" አሉት። አልተሳሳቱም። እንዳልተሳሳቱም ያውቃሉ። ለምን አልሰደቡኝም? ለምን አልረገሙኝም? እስከ ዛሬ በእሳቸው ጭምር እናደዳለሁ፤ ይህም ሌላው ክፋቴ ነው።

ዛሬ እኔም ቤቴን የሠራሁበት ያ ሜዳ በቤት ሞልቷል። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሁሉ "ቦታ መምረጥ ታውቅበታለህ" እያለ ሊያማክረኝ ይመጣል። ጥርሴን ነክሼ እመክራለሁ።

ወጣት ነበርሁ አልልም። እኔ ባልወስደው ሌላ ይወስደው ነበርም አልልም። አትዘንልኝ። እትዬ ጥሩነሽ አሁን ግንደወይን፣ ልጃቸው ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። ዘመድ ልጠይቅ ቢቸና በሄድሁ ቁጥር መኪናው ግንደወይን ላይ ሰው ለማውረድ ይቆማል። ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። አንድም ቀን አልወረድሁም።