ያልተቆረጠው ዛፍ

ሎጁ የሚመካበት አንድ ነገር አለው፤ ሲሠራ አንድም ዛፍ አልተቆረጠም። እውነት ነው። የተነቀሉት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ከዛፍ የሚቆጥራቸው የለም።

አልጋ አንጣፊዋ ከተነቀሉት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነች። አንበሳ ሲያዩ ውለው አቧራ ለብሰው የሚመለሱት እንግዶች የሚያርፉበትን ድንኳን የምታሰናዳው እሷ ነች። ድንኳን ተባለ እንጂ የእሷን ቤት ከነጓዙ ይውጠዋል። በጓሮው፣ ግንዱ ለሁለት በተከፈለው ዋርካ ሥር፣ የእንጨት ወለል ላይ የመታጠቢያ ገንዳ ተቀምጧል። እንግዶቹ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ዝሆን ያያሉ።

ከዚያ ወለል ሥር በሕፃንነቱ የሞተው ወንድሟ ተቀብሯል። እናቷ ስለ መቃብሩ በጠየቀቻት ቁጥር «ታጥሯል እማ፤ ማንም አይደርስበትም» ትላታለች። እውነቱን እንዴት አድርጋ ትንገራት? ዋሽታ ዋሽታ ራሷም ልታምነው ምንም አልቀራት።

ታዲያ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ እሷ መሆኗን ተናገረ። ሽልማቱ ከመረጠችው ሰው ጋር እንደ እንግዳ አንድ ቀን ማደር ነው። «ያውም ራስሽ በምታነጥፊው ድንኳን!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ወሬው ቀድሟት ቤት ደርሶ ኖሮ እናቷ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«በቃ፣ ልጄን ላየው ነው!» አለች።

እምቢ የምትልበት አፍ ከየት ይምጣ? መላ ዘየደች። በድንኳኑ ፊት ለፊት አስገብታት፣ የጓሮውን መጋረጃ ዘግታ፣ ራቅ ብሎ ያለ ሌላ ዛፍ ልታሳያት ወሰነች።

ቀኑ ደረሰና ከሰዓት በኋላ በዋናው በር ገቡ። አስተናጋጁ እየሳቀ «እመቤቶቼ፣ ሻንጣ ልቀበል» ሲላት «ኧረ በሞቴ ተው!» አለችው ልጅቷ፤ አፈረች። ጠጠር በፈሰሰበት የእንግዶች መንገድ ላይ የታየ ሠራተኛ ይቀጣል። እሷም ረግጣው አታውቅም፤ ዛሬም እግሯ ፈራው። የእናቷን እጅ ይዛ፣ ስለ ሻንጣው እያወራች፣ በቁጥቋጦ ወደተከለለው የሠራተኞች መንገድ ሳታስበው ታጠፈች። ያ መንገድ የሚያወጣው በድንኳኑ ጓሮ ነው። ስህተቷ የገባት ዋርካው ፊታቸው ሲደቀን ነው።

እናቷ ግንዱን ዳበሰችው። ከዚያ ወለሉን አየች፣ ከዚያ ገንዳውን። የልጇ ባልደረቦች ሊያስደስቷቸው ሙቅ ውሃ ሞልተው አበባ በትነውበታል።

«ታጥሯል አላልሽኝም?»

«እማ…»

«ይሄን የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካው ብዬ ነው፣ እማዬ» አለች። ይሄኛው ውሸት አልነበረም፤ የድንኳኑን ሥራ ከጓደኞቿ ለምና የወሰደችው ለዚሁ ነበር።

«ሰው ልብሱን አውልቆ ልጄ ላይ ሲታጠብ፣ አንቺ ፎጣ ታቀብያለሽ።»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ለፎቶ አዘጋጅቶ ከተፍ አለ። «እማማ፣ እንዴት አገኙት? እኛ ጋ አንዲት ጠብታ አትባክንም! የታጠቡበት ውሃ በወለሉ ሥር አልፎ ወደ ዛፉ ሥር ይወርዳል» አለ። ምስኪን፣ የሚናገረውን አያውቅም።

እናቷ እስካሁን ደረቅ በነበሩት ዓይኖቿ ልጇን አየቻት። «ይሄንንም ታውቂ ነበር?»

አልጋ አንጣፊዋ ሥራ አስኪያጁን በጎሪጥ አየችው። ዛሬ ስለ መቃብሩ አፏን ብትከፍት ነገ ሥራ የላትም፤ እናቷን የሚጦር ሌላ ሰው ደግሞ የለም። አንገቷን አቀረቀረች።

እናቷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንም በማይከለክላት በጠጠሩ መንገድ፣ ወደ በሩ ሄደች። አልዞረችም።

«ምነው? ደከማቸው እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እንግዲያው አንቺን ብቻሽን ላንሳሽ። ከገንዳው ጠርዝ ቁጭ በይ… ፈገግ በይ እንጂ!»

ቁጭ አለች፤ ፈገግም አለች።